የአሮጌ ጊታር ዋጋ አወጣጥ፦ በአዳማ ለሚሸጥና ለሚገዛ ሰው

አዳማ ውስጥ አሮጌ ጊታር የሚሸጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ጉድጓድ በአንዱ ይወድቃል። ወይ ኢንተርኔት ላይ ያየውን የዶላር ዋጋ በብር አባዝቶ ሰማይ ይሰቅለዋል፤ ገዢ ሲጠብቅም ዕቃው ቁም ሳጥን ላይ ይደርቃል። ወይ ደላላ «ያረጀ እንጨት ነው» ሲለው አምኖ በማግስቱ የሚቆጨውን ዋጋ ይቀበላል። ገዢውም በተራው በጉድለት የተሞላ ዕቃ «ኦሪጂናል ነው» ተብሎ ይወስዳል።

በጥር 2016 ዓ.ም. አንዲት የሰፈራችን እናት የሟች ባለቤታቸውን ያማሃ ጊታር እንዳይላቸው ጠየቁኝ። አይቼ 12,000 ብር እንደሚያወጣ በወረቀት ጻፍኩላቸው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እሳቸው በኅዳር 2017 ጊታሩን በ12,000 ብር ሸጡ። ስሰማ ደነገጥኩ። «ልጄ፣ አንተ የጻፍክልኝን ወረቀት ይዤ ነው እኮ» አሉኝ። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ቀን አልጻፍኩበትም፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግልም አልነገርኳቸውም። ዋጋ እንደ እንጀራ ነው፤ መቼ እንደተጋገረ ሳይታወቅ አይቀርብም። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። ደረጃዎቹን አታቀያይሩ።

ዝግጅት

እነዚህን አጠገባችሁ አድርጉ፦ የእጅ ባትሪ፣ በጊታሩ ሆድ ቀዳዳ የሚገባ ትንሽ መስታወት፣ ሚሊሜትር ያለው አጭር ማስመሪያ፣ ግማሽ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ ትክክለኛ መጠን ያለው ካቻቢቴ፣ ስልክ፣ ደብተር። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፉ። በቀን ብርሃን ሥሩ፤ በአምፖል ብርሃን በኋላ የተቀባ ቀለም ይደበቃል።

ደረጃ 1፦ አትንኩት

ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማጽዳት ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ የቤት ዕቃ ማስወልወያ ፖሊሽ አታስነኩት። አሮጌ ቫርኒሽ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን ስንጥቆች ዕድሜውን የሚመሰክሩ እንጂ ጉድለት አይደሉም። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ አንሱ።

አናጺ ዘንድ ወስዶ እንደገና ማስቀባት ከሁሉም የከፋ ነው። ታዋቂ ስም ያለው አሮጌ ጊታር እንደገና ከተቀባ ግማሽ ያህል ዋጋውን ያጣል ተብሎ ይታሰባል። አናጺው ጥሩ ሠራተኛ ቢሆንም እንኳ ለውጥ የለውም፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ፋብሪካው ለቀባው ቀለም ነው።

*አስቀድሞ ተቀብቶ ከሆነ፦* ለመፋቅ አትሞክሩ። እንዳለ ተዉት፣ መቀባቱን ለገዢው ተናገሩ፣ ዋጋውን በደረጃ 5 ላይ ቀንሱ።

አሁን ፎቶ አንሱ፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ የራሱን (መቃኛዎቹ ያሉበትን ጫፍ) ፊትና ጀርባ፣ በሆዱ ቀዳዳ የሚታየውን ወረቀት፣ እያንዳንዱን ስንጥቅ ከቅርብ።

ደረጃ 2፦ ዕድሜውን ለዩ

እዚህ ላይ የእኛ ሀገር ሰው ብቻ የሚገባበት ወጥመድ አለ፦ የዘመን አቆጣጠር። ባለቤቱ «የ57 ጊታር ነው» ሲል 1957 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር 1964 ወይም 1965 ይሆናል። ገዢው ደግሞ የፋብሪካውን አቆጣጠር እያሰበ 1957 እ.ኤ.አ. ብሎ ይሰማዋል። ሰባት ስምንት ዓመት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የአሜሪካው ጊታር አምራች ፌንደር በጃንዋሪ 1965 እ.ኤ.አ. ሲቢኤስ ለተባለው የብሮድካስት ኩባንያ ተሽጧል፣ ከዚያ በፊት የተሠሩትም ከዚያ በኋላ ከተሠሩት እጅግ ይወደዳሉ። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ዓመት ስትጽፉ ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ለዩ። የተገዛበትን ዓመትም ከተሠራበት ጋር አታምታቱ፤ ሱቅ ውስጥ አምስት ዓመት የቆየ ጊታር አለ።

ከዚያ ዕቃው ራሱ ይናገር፦

1. በሆዱ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቡ። ያማሃ ከሆነና «ኒፖን ጋኪ» የሚል የድርጅት ስም ካለበት፣ ድርጅቱ ስሙን ወደ ያማሃ ኮርፖሬሽን ከቀየረበት ከ1987 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው ማለት ነው። ኤፍጂ 180 የተባለው ባለ ቀይ ወረቀት ጊታር በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ፈላጊም አለው።

2. የጊብሰንን (የሌላውን የአሜሪካ ጊታር አምራች) መለያ ቁጥር ቁጠሩ። ከ1977 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተሠሩ አብዛኞቹ ጊብሰኖች ከራሳቸው ጀርባ ላይ ስምንት አኃዝ ታትሞባቸዋል። አንደኛውና አምስተኛው አኃዝ ዓመቱን፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት በዓመቱ ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይነግራሉ። 80458123 የሚል ቢሆን፣ በ1988 እ.ኤ.አ. በ45ኛው ቀን፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 14 የታተመ ነው። መካከለኞቹ ሦስት አኃዞች ከ366 ከበለጡ አንድ ነገር አለ፤ ቆም በሉ።

3. የፌንደርን ፊደል ተመልከቱ። ራሱ ላይ ያለው ቁጥር በላቲኑ ኤስ ከጀመረ የ1970ዎቹ፣ በኢ ከጀመረ የ1980ዎቹ፣ በኤን ከጀመረ የ1990ዎቹ ነው፤ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ዓመቱን ያሳያል። ይህ ግን የአንገቱን እንጂ የገላውን ዕድሜ አይመሰክርም። የፌንደር አንገት በብሎን የሚፈታ ስለሆነ በቀላሉ ይቀያየራል።

4. የኤሌክትሪክ ጊታር ከሆነ ውስጡን እዩ። ሽፋኑን በካቻቢቴ ፍቱና ድምፅ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ክብ ዕቃ ጀርባ ላይ ባትሪ አብሩ። ቆርቆሮው ላይ የተቀረጹ ትንንሽ አኃዞች ታያላችሁ፤ እንደ 1376612 ያለ። 137 ሲቲኤስ የተባለው አምራች መለያ ነው፣ 66 ዓመቱ 1966 እ.ኤ.አ.፣ 12 ደግሞ የዓመቱ 12ኛ ሳምንት። ጊታሩ ከዚህ ቀን በፊት ሊሠራ አይችልም፤ ክፍሉ ኋላ ካልተቀየረ በስተቀር። ስለዚህ በሊድ የተበየደበትን ቦታ ተመልከቱ፦ አሮጌው ብየዳ ደብዝዞ አቧራ ይዟል፣ አዲሱ ያብረቀርቃል።

*ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ፦* አትግዙ። ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ ቁጥር እንደሌለው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የተሰረቀ ዕቃ ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ ከመቆም ይሻላል።

ደረጃ 3፦ አስመስሎ የተሠራ መሆኑን አጣሩ

የጊብሰን ስም የለጠፉ ሐሰተኛ ጊታሮች በየሀገሩ ይሸጣሉ። ሁለት ነገሮችን በፍጥነት አጣሩ። የጊብሰን ራስ ላይ፣ አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ዘንግ የሚሸፍነው ትንሽ ፕላስቲክ የሚታሰረው በሁለት ብሎን ነው፤ ሦስት ካያችሁ ተጠራጠሩ። ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት የቆመባቸው ምሰሶዎች ደግሞ በካቻቢቴ የሚዞሩ ወፋፍራም ብሎኖች ከሆኑ ሐሰተኛ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አንዱ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሦስት አራት ሲደራረብ ግን ስሙን እርሱትና እንደ ማንኛውም ያገለገለ ጊታር ገምቱት።

ቀጥሎ የተቀየሩትን ክፍሎች መዝግቡ፦ መቃኛዎቹን፣ ፒክአፖቹን (ከክሮቹ ሥር ሆነው ድምፅ የሚቀበሉትን ማግኔቶች)፣ ብሪጁን (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበትን)። እዚህ ከተማ መለዋወጫ ስለማይገኝ መቃኛ ሲሰበር ከሌላ ጊታር የተፈታ ይገጠምና ኦሪጂናሉ ይጣላል። ቤት ውስጥ ፈልጉ፤ መሳቢያ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ ፌስታል። ከአሮጌ መቃኛዎች መካከል አንዱ ቢሰበር እንኳ የተቀሩት አምስቱ ዋጋ አላቸው፤ ከጊታሩ ጋር አብራችሁ ስጡ።

ደረጃ 4፦ አካሉን መርምሩ

መጀመሪያ ክሮቹ ትክክለኛ መሆናቸውን ተመልከቱ። ሰዎች ለናይለን ክር በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር ሲያስሩ ስንቴ አይቻለሁ! የናይለን ክሮች በድምሩ ወደ 40 ኪሎ ይስባሉ፤ የብረቶቹ ከ70 ኪሎ በላይ። ብሪጁ ከሆዱ ይነቀላል፣ አንገቱም ይጎብጣል፤ እንዲህ ዓይነቶቹ ብዙ ጊታሮች አንገታቸውን የሚያቃና ዘንግም የላቸውም። እንዲህ ካገኛችሁት ዛሬውኑ ክሮቹን አላልታችሁ ፍቱ።

ከዚያ በዚህ ተራ ሂዱ፦

1. አንገቱ ቀጥ ማለቱን። በትክክል ቃኙት። ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬት (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተቀበረው ቀጭን ብረት ነው) እና አንገቱ ከገላው በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑ። መካከል ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የስም ካርድ የምታስገባ ክፍተት፣ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር፣ ልትኖር ይገባል።

2. የክሮቹን ከፍታ። በ12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ለኩ። ለብረት ክር ጊታር ወፍራሙ 2.5፣ ቀጭኑ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ከ4 ካለፈ ለመጫወት ይከብዳል።

3. የአንገቱን ዘንበል ማለት። ረጅሙን ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አስተኙና ወደ ብሪጁ ግፉት። ጫፉ የብሪጁን እንጨት አናት ከነካ ደህና ነው። ከእንጨቱ በታች ወርዶ ግንባሩን ከመታ፣ አንገቱ ተነቅሎ እንደገና መተከል አለበት፤ ይህ ደግሞ ከብዙ ጊታሮች ዋጋ በላይ የሚያስወጣ ሥራ ነው።

4. ውስጡን በመስታወት። ከሆዱ ሥር የተለጠፉት ቀጫጭን እንጨቶች ኮላቸው መልቀቁን እዩ። በጣታችሁ ሆዱን ቀስ ብላችሁ ምቱ፤ የሚንጫጫ ድምፅ ከተሰማ አንዱ ለቋል።

5. ራሱና አንገቱ የሚገናኙበትን። ጣታችሁን አሳልፉ። የተሰበረና የተጣበቀ ከሆነ መስመሩ ለጣት ይሻክራል። የራስ ስብራት ጥሩ ተደርጎ ቢጠገንም ከዋጋው ግማሽ ሊወስድ ይችላል።

የአዳማ አየር እዚህ ላይ ድርሻ አለው። በበጋ ሙቀቱና ደረቁ ነፋስ እንጨቱን ያሟሽሻል፤ እንጨቱ ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፎች እጅ ይቧጥጣሉ፣ ሆዱም ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ቁም ሳጥን አናት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስለሆነ የቤቱ ሞቃት ቦታ ነው፤ ጊታር የሚቀመጠው ደግሞ እዚያው ነው። አውርዱት። የሳሙና መያዣ በስታችሁ እርጥብ ስፖንጅ አስገቡና በጊታሩ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት፤ ውኃ እንዳይንጠባጠብ በደንብ ጭመቁት። የሚፈለገው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። የሰመጠ ሆድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ስለዚህ ደርቆ ያገኛችሁትን ጊታር በዚያው ቀን ዋጋ አታውጡለት።

*አንገቱ ጎብጦ ዘንግ ካለው፦* ወደ ቀኝ ማዞር ያጠብቃል፣ የጎበጠውን አንገት ያቃናል። ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ አታዙሩ፤ ከዚያ አንድ ቀን ጠብቁና እንደገና ለኩ። እምቢ ካለ አቁሙ። ዘንጉ ውስጥ ከተበጠሰ ጊታሩ ከዋጋው ብዙውን ያጣል።

ደረጃ 5፦ የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጉ፣ የተጠየቀበትን አይደለም

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ኢንተርኔት ላይ ጊታር ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚታያችሁ ሻጮች የሚመኙት ዋጋ ነው። ዓመት ሙሉ ያልተሸጠ ዕቃ ዋጋ ምንም አይነግራችሁም። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተሸጡ ዕቃዎችን ብቻ የሚለይ ማጣሪያ አለ፤ ያለፉትን 90 ቀናት ያሳያል። ሪቨርብ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ገበያም የሽያጭ ታሪክ የሚያሳይ የዋጋ ሰሌዳ አለው። ለማየት መግዛት አያስፈልግም።

ቀኑን አጥብቃችሁ ያዙ። የአሮጌ ጊታር ገበያ በዓለም ላይ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. እያሻቀበ ሄዶ በፋይናንስ ቀውሱ ወረደ። በኮቪድ ጊዜ፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ጊታር ሲፈልግ፣ በ2020 እና 2021 እ.ኤ.አ. እንደገና ናረ፤ ከዚያ በኋላ በረደ። አንድ ሰው በ2013 ወይም በ2014 ዓ.ም. ያየውን ዋጋ ይዞ ዛሬ ቢከራከራችሁ፣ እውነቱን ነው፤ ግን ጊዜው አልፎበታል።

አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ሞዴሉ፣ ዓመቱና ሁኔታው የሚመሳሰሉ ቢያንስ ሦስት የተሸጡ ጊታሮችን ፈልጉ።
2. ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ትታችሁ መካከለኛውን ያዙ።
3. የእናንተ ጊታር ያለበትን ጉድለት ቀንሱ።

ለምሳሌ የተሸጡት በ340፣ በ400 እና በ620 ዶላር ቢሆኑ 400 ያዙ። የእናንተው መቃኛዎቹ ተቀይረው አንድ የተጠገነ ስንጥቅ ካለው ሩቡን ቀንሱ፤ 300 ይቀራል።

*ሦስት ካላገኛችሁ፦* ሞዴሉ ብርቅ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ፈላጊ የለውም ማለት ነው። ወደሚቀጥለው ደረጃ የአካባቢ ዋጋ እለፉ።

ደረጃ 6፦ ወደ ብር ለውጡ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ዋጋ አውጡ

በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ አባዙ። ዶላር 150 ብር ነው ብንል 300 ዶላር 45,000 ብር ይሆናል። በ57 ብር ዘመን ያው ጊታር 17,100 ብር ነበር። እንጨቱ አልተቀየረም፣ ዓለም ላይ ያለው ዋጋም አልተነቃነቀም፤ የተለወጠው ብር ነው።

ይህ 45,000 ግን ጣሪያ ነው። ውጭ ሀገር ያለ ሰብሳቢ የሚከፍለው፣ ማጓጓዣና የመሸጫ ኮሚሽን ሳይቀነስ ነው። አዳማ ውስጥ ጊታር የሚገዛው ማን ነው? የሆቴል ባንድ ተጫዋች፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ለልጁ የሚገዛ አባት። ለእነዚህ ዕድሜው ትርፍ የለውም፤ መቃኘቱን መያዙ፣ ለእጅ መቅለሉ፣ ድምፁ ማማሩ ነው የሚፈለገው። እነሱ የሚያወዳድሩት ከአዲስ ጊታር ጋር ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ሂዱና በጥራት የሚመጣጠን አዲስ ጊታር ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ በስልክ ሳይሆን በአካል። የአካባቢ ዋጋችሁ ከዚያ ብዙ ሊርቅ አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያገለገሉ ጊታሮች የተወደዱት ድንገት ቅርስ ስለሆኑ አይደለም፤ ከውጭ የሚገባው አዲሱ ስለተወደደ ነው። ተራ ጊታር የያዘ ሰው ዋጋው ሲጨምር አይቶ «ባቆየው ይወደዳል» ብሎ ከሸሸገው፣ የሚያተርፈው አይታየኝም። ለሚጫወት ይሽጥ።

ደብተራችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፦ የሰብሳቢ ዋጋና የተጫዋች ዋጋ። ከጎናቸው ቀኑን፣ የዕለቱን ምንዛሪና «ለ30 ቀን ያገለግላል» የሚል ጻፉ። 30 ቀን ካለፈ ደረጃ 5ን እና 6ን ድገሙ።

ለክራር፣ ለመሰንቆና ለበገና

ከላይ ያለው የቁጥርና የፋብሪካ ነገር ለእነዚህ አይሠራም። ክራር ላይ የሚከፈለው ለእንጨቱ፣ ለቆዳው አወጣጠርና ለሠሪው እጅ ነው። ለመሰንቆም ሆነ ለበገና ቆዳው መርገቡንና እንጨቱ መሰንጠቁን አይታችሁ፣ የሚጫወት ሰው አስቃኝታችሁ ዋጋ ተነጋገሩ። የቆየ፣ ከአያት የተወረሰ በገና ከሆነ ግን ለውጭ ዜጋ ከመሸጥ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም።

ጊታርም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ጀርባና ጎኑ የብራዚል ሮዝዉድ ከተባለው እንጨት የተሠራ አሮጌ ጊታር ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው፣ የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ያለ ሰነድ ድንበር ላይ ሊወረስ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ሽያጩ

ፎቶዎቹን ከጉድለቶቹ ጋር ለገዢው በቴሌግራም ላኩ። ጉድለት ያልተደበቀበት ዕቃ ፈጥኖ ይሸጣል፤ የተደበቀውን ገዢው መጥቶ ሲያገኘው ግን ከጉድለቱ በላይ ይቀንሳል። በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ ተገናኙ። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይጫወትበት። ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲገባ የሚመጣውን መልእክት አትመኑ፤ ሂሳባችሁን ከፍታችሁ እዩ። የመለያ ቁጥሩንና ጉድለቶቹን የያዘ የሽያጭ ወረቀት በሁለት ኮፒ ተፈራረሙ።

ደላላ ካለ ድርሻውን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ከሽያጩ በኋላ የሚነሳ የደላላ ክርክር ማለቂያ የለውም።

ገዢው ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ከሆነ ክሮቹን አንድ ድምፅ ያህል አርግቡለት፤ ሙሉ በሙሉ አትፍቱ። ጊታሩ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይግባ፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ሙቀት የአሮጌ ጊታርን ኮላ ያላላል፣ ብሪጁም መንገድ ላይ ይነሳል። እግሩ መካከል ይያዘው። ሲደርስ ሣጥኑን ሳይከፍት ሁለት ሰዓት ያህል ከቤቱ አየር ጋር እንዲላመድ ይተወው፤ ከዚያ ይቃኘው።